የአንገት ነርቭ መርፌ፦ ለከፈልሁት ገንዘብና ለተጓዝሁት መንገድ ይበቃል ወይ?

ከአንገቴ ተነሥቶ ቀኝ ክንዴን ይዞ ለሚወርደው ሕመም በራጅ ምስል እየታየ የሚሰጠውን መርፌ ባሕር ዳር ሄጄ ተወግቻለሁ፤ ጠቅሞኛልም። መልሱን ከፊት ያስቀመጥሁት ሆን ብዬ ነው። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ረጅም ጽሑፍ አቀርቅሮ ማንበብ እንደሚያሠቃየው አውቃለሁ። ዝርዝሩን ማወቅ የሚፈልግ ስልኩን ወደ ዓይኑ ከፍ አድርጎ፣ ክርኑንም በትራስ ደግፎ ያንብበው።

የሆስፒታሉን ስም አልጽፍም። ላመሰግነውም ልወቅሰውም የምፈልገው ነገር አለ። በዚያ ላይ መርፌውን የሰጡኝ ሐኪም ከአዲስ አበባ በየተወሰነ ጊዜ እየመጡ የሚሠሩ ስለሆኑ ነገ ሌላ ቦታ ሊገኙ ይችላሉ። አንባቢ ከእኔ ይዞት ቢሄድ የምወደው፣ የትም ቢሄድ ምን መጠየቅ እንዳለበት ነው።

እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሕመሙ የያዘኝ የመንፈቅ ዓመት ፈተና በማርምበት ሰሞን ነበር። የተማሪዎቼን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ከምሬ አንገቴን ደፍቼ ስውል፣ መጀመሪያ ከቀኝ ትከሻዬ ኋላ አንድ ቦታ ላይ ይወጋኝ ጀመር። ቀስ በቀስ በክንዴ ጀርባ በኩል ወርዶ መሀል ጣቴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ያቃጥላል፤ ይነዝራል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጣቴ ይደነዝዛል። ባስነጠስሁ ቁጥር ሕመሙ ከአንገቴ እስከ ጣቴ ይወረወራል።

የገረመኝ አንድ ነገር ነበር። ክፍል ገብቼ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክንዴ ይቀለኛል። እጄን ከፍ አድርጌ የሕዋስን ሥዕል እየሣልሁ ብቆም ሕመሙ ጋብ ይላል፤ መምህራን ማረፊያ ሄጄ እጄን ጭኔ ላይ አሳርፌ ስቀመጥ ግን ይብስብኛል። ሌሊትም እንቅልፍ የሚወስደኝ ቀኝ እጄን አናቴ ላይ ጭኜ ነበር። አማቴ ይህን ሲያዩ ደነገጡ። «እጅ አናት ላይ አይጫንም ልጄ፤ ሐዘን ይጠራል፤ አውርጂው» ይሉኛል። እኔም ለእርሳቸው ብዬ አወርደዋለሁ፤ እርሳቸው ሲተኙ መልሼ እጭነዋለሁ። ኋላ ሐኪሙ እንደነገሩኝ ግን ይህ አተኛኘት ራሱ የምርመራ ፍንጭ ነው። ክንድ ወደ ላይ ሲነሣ አንገት ላይ የተወጠረው የነርቭ ሥር ይላላል። ስለዚህ እጁን አናቱ ላይ ሲጭን ሕመሙ የሚቀለው ሰው የሕመሙ ምንጭ ትከሻው ሳይሆን አንገቱ ሊሆን ይችላል። ትከሻው የታመመ ሰው እጁን እንዲህ ማንሣት ነው የሚያሠቃየው።

ባሕር ዳር እስክደርስ ድረስ በአገራችን ሰው የሚያልፍበትን መንገድ ሁሉ አለፍሁ። «ብርድ መትቶሽ ነው» ብላ ፌጦ ያቀረበችልኝ ጎረቤት አለች። ጸበሉንም ተጠምቄያለሁ፤ ዛሬም እጠመቃለሁ፤ ከመርፌው ጋር የሚጣላበት ምክንያት አላየሁም። ሐኪሙ የከለከሉኝ በተወጋሁበት ዕለትና በማግስቱ ውኃ ውስጥ እንዳልነከር ብቻ ነው። አማቴ ደግሞ ወጌሻ ሊያስጠሩልኝ ፈለጉ። የልጃቸውን የተሰበረ ክንድ ያቀኑላቸው ወጌሻ አሁንም በሕይወት አሉ፤ እጃቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን አንገት ሌላ ነው። በአንገት አጥንቶች ቀዳዳዎች ውስጥ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ሁለት የደም ቧንቧዎች ያልፋሉ፤ መሀል ላይ ደግሞ ኅብለ ሰረሰር አለ። እነዚህን የሚያህል ነገር በኃይል ማጠማዘዝና መጎተት የሚያስከትለው ጉዳት ከሕመሙ ሊበልጥ ስለሚችል እሺ አላልሁም። አማቴም ምክንያቱን በትዕግሥት ሲያስረዷቸው የሚሰሙ ሰው ናቸውና ተቀበሉኝ።

ክኒኑ ሌላ ታሪክ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሕመሙን ትንሽ ያበርዱልኛል፤ ጨጓራዬን ግን ያነዱታል። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዴን እየዋልሁ እነዚህን ክኒኖች መዋጥ አልቻልሁም። ሌላ ጊዜ የታዘዘልኝ ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው ጋባፔንቲን እንቅልፍ አስተኝቶኛል፤ ጠዋት ግን ክፍል ውስጥ ያፈዝዘኝ ነበር። መቀመጫ ላይ የሚወጉትን «የነርቭ ቫይታሚን» የሚባለውንም ወስጃለሁ። በውስጡ ያሉት ቢ 1፣ ቢ 6 እና ቢ 12 ቫይታሚኑ ለጎደለው ሰው ይጠቅማሉ፤ አንገት ላይ የተጫነ ነርቭን ግን አያላቅቁም። ብዙ ሰው «የነርቭ መርፌ ተወግቼ አልጠቀመኝም» ሲል የሚያወራው ስለዚህ መርፌ ነው። እኔ እዚህ የምገመግመው ሌላውን ነው።

ሁለቱን መርፌዎች አንድ አድርጎ ማየት ወደ አደጋ ሊወስድ እንደሚችል ያየሁት በአንድ ክሊኒክ ነው። አንድ ባለሙያ ክንዴን ጥቂት ዳሰስ አድርጎ «እዚሁ አንገትሽ ላይ እንወጋሻለን፤ በሁለት ቀን ትድኛለሽ» አለኝ። ራጅ የለም፤ ኤምአርአይ የለም፤ ስኳር አለብሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝም የለም። ምን መድኃኒት እንደሆነ ስጠይቀው «ማስታገሻ» አለኝ። ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። በእርግጥ የአንገትና የትከሻ ጡንቻ ተቋጥሮ ሲያም ጡንቻው ላይ ብቻ ላይ ላዩን የሚሰጥ መርፌ አለ፤ እርሱን የሠለጠነ ሰው ያለ ምስልም ይሰጠዋል። ወደ ነርቩ ሥር የሚጠጋው ግን በጭፍን አይወጋም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ስትሮይድ (በዚህ መርፌ ውስጥ ያለው፣ የነርቭን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) በአከርካሪ ዙሪያ ሲወጋ ከስንት አንድ ጊዜ ለዓይን ብርሃን ማጣት፣ ለስትሮክ፣ ለሽባነትና ለሞት ሊዳርግ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያው የወጣው በዘመናዊ መሣሪያ በሚሠሩ ሐኪሞች አገር መሆኑን ላሰበ ሰው፣ መሣሪያ በሌለበት ክፍል አንገትን አመቻችቶ መስጠት እንዴት ያለ ድፍረት እንደሆነ ይገባዋል።

ወደ ምርመራ ያስቸኮለኝ ሕመሙ አይደለም፤ ሰሙነ ሕማማት ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ መሬቱን ገፍቼ ለመነሣት ቀኝ ክንዴ እምቢ አለኝ። ሕመም አልነበረውም፤ ዝም ብሎ ጉልበት አጣ። ነርቭ ሲነካ ሕመም አንድ ነገር ነው፤ የጡንቻ መድከም ግን ቶሎ መታየት ያለበት ምልክት ነው። የንስሐ አባቴ ሲሰሙ «የታመመ በልቡ ይሰግዳል፤ አንቺም በልብሽ ስገጂ፤ ሐኪም ቤት ግን ዛሬ ነገ ሳትዪ ሂጂ» አሉኝ። ይህን ቃላቸውን ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ፤ ሕመሙን እየደበቀ የሚሰግድ ብዙ ነውና።

ከፋሲካ በኋላ መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም አንገቴን ወደ ኋላና ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ አናቴን በቀስታ ሲጫን ሕመሙ እስከ ጣቴ ወረደ። ክርኔን አጥፌ እንድዘረጋ አድርጎ ጉልበቴን ከግራው ጋር አመሳከረ፤ የክርኔን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ፤ ስሄድም አየኝ። ከዚያ ኤምአርአይ አዘዘ። የኤምአርአዩ ወረቀት በ6ኛውና በ7ኛው የአንገት አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው ዲስክ ወደ ቀኝ ወጥቶ ነርቩን እንደነካ ይላል። ከዚህ ጋር ግን አንድ ነገር መያዝ አለበት፦ ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሡ ዲስካቸው ወጣ ብሎ ይገኛል። ወረቀቱ ዋጋ የሚኖረው ከሚያመው ጣትና ከደከመው ጡንቻ ጋር ሲገጥም ነው። የእኔ ገጠመ።

እንዴት እንደሚገጥም እንደ ባዮሎጂ መምህር ላስረዳ። የአንገት አጥንቶች 7 ናቸው፤ ከአንገት የሚወጡት የነርቭ ሥሮች ግን 8 ጥንድ። እያንዳንዱ የራሱ አገር አለው። 6ኛው ወደ አውራ ጣትና ወደ አመልካች ጣት ይሄዳል፤ 7ኛው መሀል ጣትንና ክርንን የሚዘረጋውን የክንድ ጀርባ ጡንቻ ይይዛል፤ 8ኛው የትንሿ ጣት ነው። በእኔ ላይ የተነካው 7ኛው ስለሆነ ነው ስሰግድ መነሣት ያቃተኝ። የዲስኩ ውጫዊ ቀለበት ሲሰነጠቅ ከውስጡ የሚወጣው ለስላሳ ነገር ነርቩን ከመጫኑም በላይ በኬሚካሉ ያስቆጣዋል። መርፌው የሚሠራው በዚህ ቁጣ ላይ ነው። በውስጡ ያለው ስትሮይድ ኮርቲሶን የሚባለው ሆርሞን ዘመድ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ሄንች፣ ኬንዳልና ራይክሽታይን በኮርቲሶንና በመሰል ሆርሞኖች ላይ በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ስትሮይድ ቁጣውን ያበርዳል፤ የወጣውን ዲስክ ወደ ቦታው አይመልስም። ዲስኩን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተካክለው ሰውነት ራሱ ነው፤ ወጣ ያለው ክፍል በወራት ውስጥ እየተመጠጠ ይቀንሳል፤ አብዛኛው ሕመምተኛም ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። መርፌው እስከዚያ ድረስ ለመተኛትና ለመሥራት የሚያስችል ጊዜ ይገዛል። ለሳምንታት፣ ሲበዛ ለጥቂት ወራት። «ለዘለዓለም ያድናል» የሚል ካለ ሕመምተኛውን እያታለለ ነው።

መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ባለቤቴን ይዤ ወደ ባሕር ዳር ተነሣሁ። በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ነው ጉዞው፤ አንገት ለታመመ ሰው እያንዳንዱ ጉድጓድ ስም አለው። ከመካከለኛው ወንበር ተቀመጡ፤ የኋላው ያንገጫግጫል። አንገት ላይ ነጠላ ጠቅልሎ መደገፍ ከባዶ አንገት ይሻላል። ከመናኸሪያ ወደ ሆስፒታሉ ስንሄድም ባጃጁን በኮብልስቶኑ ላይ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ለመንነው፤ ልጁ ደግ ነበር።

ሐኪሙን ያመሰገንሁት ከመርፌው በፊት ነው። ካርዴን ገልጠው ሳይጨርሱ ጥያቄ ጀመሩ። ስኳር አለብዎት? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ? ትኩሳት ወይም በሰውነትዎ ላይ የሚመግል ቁስል አለ? እርጉዝ ነዎት? ማደንዘዣ ተወግተው ያውቃሉ፣ አስቸግሮዎት ያውቃል? ቀጥለው እጄን እያዩ «የቀሚስዎን ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግርዎታል? ሲሄዱ እግርዎ ይወላገዳል? ሽንት የመቆጣጠር ችግር አለ?» አሉኝ። ለምን እንደሚጠይቁ ጠየቅሁ። «ኅብለ ሰረሰሩ ራሱ ከተጫነ መርፌ መስጠት ጊዜ ማባከን ነው መምህርት፤ ወደ ቀዶ ሕክምና ነው የምልክዎት» አሉ። የስኳሩ ጥያቄ ምክንያትም አለው፤ ስትሮይድ ከተወጋ በኋላ የደም ስኳር ለተወሰኑ ቀናት ከፍ ይላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በአከርካሪው ውስጥ ደም ሊጠራቀምበት ስለሚችል፣ መድኃኒቱን ካዘዘለት ሐኪም ጋር ሳይማከር አይወጋም፤ በራሱም ፈቃድ አያቋርጥም።

የሚወጉበትን ቦታም በፕላስቲክ የአጥንት ሞዴል ላይ አሳዩኝ። የታመመው ነርቭ የሚወጣበት ቀዳዳ ድረስ በጎን በኩል መግባት ይቻላል፤ ግን እዚያ አካባቢ ኅብለ ሰረሰርን የሚመግቡ ቀጫጭን የደም ቧንቧዎች አሉ። እርሳቸው የመረጡት ከኋላ በኩል፣ የአንገት የመጨረሻው አጥንትና የደረት የመጀመሪያው አጥንት በሚገናኙበት መግባትን ነው። ከሌላው የአንገት ክፍል ይልቅ እዚያ ላይ በኅብለ ሰረሰሩ ሽፋን ዙሪያ ያለው ክፍተት ሰፋ ይላል፤ መድኃኒቱ ከዚያ ወደ ላይ ይሰራጫል። የትኛውን ስትሮይድ እንደሚጠቀሙ ስጠይቃቸው ዴክሳሜታሶን አሉኝ፤ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟና ቅንጣት የሌለው ስለሆነ ድንገት ደም ቧንቧ ውስጥ ቢገባ የመድፈን አደጋው ያነሰ ነው። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ቅንጣት ያላቸው ናቸው፤ በአንገት ጎን በኩል ለሚሰጠው መርፌ እንዳይውሉ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ጠርሙሱ በፊቴ እንዲከፈትም ጠይቄአለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ በሻጋታ የተበከለ የስትሮይድ መርፌ ማጅራት ገትር አስከትሎ ከ60 በላይ ሰዎች እንደሞቱ አንብቤ ስለነበር ነው። ሐኪሙ አልተቆጡም። ለእኔ አዲስ ጠርሙስ ከፈቱ።

መርፌው ራሱ ከፈራሁት ቀላል ነበር። በደረቴ ተኛሁ፤ ከደረቴ ሥር ትራስ ተደረገልኝ፤ ግንባሬ ክብ ድጋፍ ላይ አረፈ፤ አንገቴ ወደ ፊት ጎበጥ አለ። አዮዲኑ ሲቀባ ይቀዘቅዛል። ከዚያ የቆዳው ማደንዘዣ ትንሽ ያቃጥላል። ቀስት የመሰለው የራጅ መሣሪያ በላዬ እየዞረ ምስሉን ከጎን ባለ ስክሪን ላይ ያሳያል፤ ሐኪሙ መርፌውን ጥቂት ገፋ፣ ምስል፣ ደግሞ ጥቂት ገፋ፣ ምስል እያደረጉ ነው የሚሄዱት። ቦታው ላይ ሲደርሱ መድኃኒቱን ከመልቀቃቸው በፊት በራጅ የሚታይ ቀለም አስገቡና በትክክለኛው ቦታ መሰራጨቱን አረጋገጡ። እንቅልፍ የሚያስወስድ ነገር አልሰጡኝም። ሕመምተኛው ነቅቶ «አሁን ነዘረኝ» ማለት መቻሉ ራሱ ጥበቃው ነው አሉ። መድኃኒቱ ሲገባ ከትከሻዬ እስከ መሀል ጣቴ ያው የማውቀው ሕመም በግፊት መጣ፤ ተናገርሁ፤ ቆም አሉ፤ ቀስ ብለው ቀጠሉ። ሁሉም ነገር ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ከዚያ የደም ግፊቴን እየለኩ አስተኝተው ያዙኝ፤ እጄን እንድጨብጥ፣ እግሬን እንዳነሣ አዘዙኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ክንዴ ከበደኝ እንጂ አላመመኝም። ያ ከመድኃኒቱ ጋር የገባው ማደንዘዣ ነው። በማግስቱ ሕመሙ ሲመለስ ባለቤቴ ፊቱ ጠቆረ፤ «ያ ሁሉ ገንዘብ!» አለ። ሐኪሙ ግን አስቀድመው ነግረውኝ ነበር፦ ማደንዘዣው በሰዓታት ይለቃል፤ ስትሮይዱ ሥራ የሚጀምረው ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ላይ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። እንደዚያው ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ፊቴም ቀልቶ ይሞቀኝ ነበር፤ የወር አበባዬም ያለ ጊዜው መጣ። እነዚህ ስትሮይድ የሚያመጣቸው የሚያልፉ ነገሮች ናቸው። በሳምንቱ መጨረሻ ላይ ግን ሕመሙ እየሳሳ ሄደ። እጄን አናቴ ላይ ሳልጭን ተኛሁ፤ አማቴ ደስ አላቸው።

ሆስፒታሉን የምወቅስበት አለኝ። ከመርፌው በኋላ ምን ማድረግ እንዳለብኝ በቃል ብቻ ነው የተነገረኝ። አንዲት ነርስ በጥድፊያ ስትናገር ግማሹን ባለቤቴ፣ ግማሹን እኔ ያዝን። ከባድ ራስ ምታት ስትቆሚ የሚብስ ከሆነ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ እጅ ወይም እግር ከደከመ፣ ሽንት ከተዘጋ ወዲያውኑ ነይ የሚለው መልእክት በወረቀት መሰጠት አለበት። ከእንጅባራ ገጠር የመጣ ሰው እቤቱ ደርሶ ሌሊት ላይ ራሱ ቢፈነዳ ማንን ይጠይቃል? የሚደወልበት ስልክም አልሰጡንም። የተወጋሁትን መድኃኒት ስምና መጠን በካርዴ ላይ አልጻፉትም ነበር፤ ጠይቄ ነው የተጻፈልኝ። ሴቶችና ወንዶች ልብስ የሚቀይሩበት ቦታ በቀጭን መጋረጃ ብቻ ነው የተለየው። ለካርድ፣ ለክፍያና ለምርመራ የሚያሰልፉት አንገቱን የታመመ ሰውን መሆኑን ያሰበ ያለ አይመስልም፤ አግዳሚ ወንበሮቹ መደገፊያ የላቸውም። ሐኪሙ ይህን ያህል ተጠንቅቀው ከሠሩ በኋላ በዙሪያቸው ያለው ነገር እንዲህ መሆኑ ያሳዝናል።

ዋጋው ለአስተማሪ ከባድ ነው። ኤምአርአዩ፣ መርፌው፣ ትራንስፖርቱና ማደሪያው ሲደመር ከአንድ ወር ደመወዜ በልጧል። ዴክሳሜታሶን ራሱ ፋርማሲ ውስጥ ካሉ ርካሽ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ የሚከፈለው ለራጁ፣ ለንጽሕናውና ለሠለጠነው እጅ ነው። ስለዚህ ያለ ምስል በርካሽ እንወጋለን የሚሉ ሰዎች የሚቀንሱት ዋናውን ነገር ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ሰው ወደ ግል ቤት ከመሮጡ በፊት ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈር ወደ መንግሥት ሆስፒታል ይሂድ፤ ምርመራው ቢያንስ እዚያ ይጀመርለታል።

ሕመሙ ጋብ ባለበት ጊዜ የሠራሁት እንቅስቃሴ ከመርፌው እኩል ጠቅሞኛል ብዬ አምናለሁ። ፊዚዮቴራፒስቷ ያስተማረችኝ ቀላል ነገር ነው፤ አገጭን ሳያቀረቅሩ ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ መሳብ፣ ትከሻን ወደ ኋላ ሰብስቦ መያዝ፣ ቀስ በቀስም የክንዱን ጡንቻ ማጠንከር። ሕመም እያለ ይህን መሥራት አይቻልም፤ መርፌው ያስቻለኝ ይህን ነው። አናጢ ጎረቤታችን ደግሞ ከዋንዛ ጣውላ አትሮንስ ሠራልኝ፤ በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ እንደሚነበብበት ያለ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ። ፈተና የማርመው በእርሱ ላይ አስደግፌ ነው፤ ወረቀቱ ወደ ዓይኔ ይመጣል፤ አንገቴ አይደፋም። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼም አሠርተዋል። ለመምህር፣ ለልብስ ሰፊና ለሸማኔ ከማንኛውም ክኒን በፊት የምመክረው ይህን ነው።

መርፌው ለማን አይሆንም? አንገቱን ብቻ ለሚያመው፣ ሕመሙ ወደ ክንዱ ለማይወርድ ሰው ይህ መርፌ ብዙ አይጠቅምም። ሕመሙ ከአንገት መገጣጠሚያዎች ሲሆን ሌላ ዓይነት መርፌ አለ፤ ከአንገት ተነሥቶ በራስ ቅል ኋላ በኩል ለሚወጣ ራስ ምታትም እንዲሁ። ሕመሙ ከጀመረ ጥቂት ሳምንታት ብቻ የሆነው፣ ጉልበቱም ያልደከመ ሰው ታግሦ ቢጠብቅና ቢንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ ያለ መርፌ ይሻለዋል። ክንዱ ዕለት ዕለት እየደከመ የሚሄድ ሰው ደግሞ መርፌ እየጠበቀ መዋል የለበትም። የጎረቤቴ አባት ሲራመዱ መወላገድና የጋቢያቸውን ጥለት መያዝ ማቃት ሲጀምራቸው ልጆቻቸው እኔ የተወጋሁትን እንዲወጉ ሊወስዷቸው ተነሡ። ለመንኋቸው፤ ቀጥታ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ጋ እንዲሄዱ። ሄደው ታዩ፤ ኅብለ ሰረሰራቸው ተጭኖ ነበር።

እኔ አሁን ያለ መድኃኒት እያስተማርሁ ነው። መሀል ጣቴ ጫፍ ላይ ትንሽ ድንዛዜ ቀርታለች፤ ድንዛዜ ከሕመም ዘግይቶ ነው የሚለቅ አሉኝ። የክንዴ ጉልበት ተመልሷል። ሐኪሙ ካስፈለገ መርፌው ሊደገም እንደሚችል፣ በዓመት ውስጥ ግን ከሦስት ወይም ከአራት በላይ እንዳይሆን ነግረውኛል፤ የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ሕመሜ ቀላል ስለነበር አልተወጋሁም። ቢመለስብኝ እዚያው እሄዳለሁ፤ ገና አልጋው ላይ ሳልወጣ ግን የአደጋ ምልክቶቹን ዝርዝርና የሚደወልበትን ስልክ በወረቀት እንዲሰጡኝ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።